ሰላይቱና ውኃው

ሰላይ በመጽሐፍ ውስጥ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ኦሪት ዘኍልቍ በ13ኛው ምዕራፍ እንደሚያስረዳን፥ ሙሴ ከነገዶቹ ዐሥራ ሁለት ሰዎች መርጦ ምድረ ከነዓንን ይሰልሉ ዘንድ ሲልካቸው፥ የሕዝቡን ብርታትና የከተማውን ቅጥር ብቻ አይተው እንዲመጡ አላዘዛቸውም፤ አፈሩ ለም ወይም ጭንጫ መሆኑን፥ ዛፍም መኖሩንና አለመኖሩን ጨምረው እንዲመለከቱ አዘዛቸው እንጂ። ዐሥራ ሁለቱም አንድ ምድር አይተው ተመለሱ፤ ነገር ግን ዐሥሩ ፍርሃትን፥ ሁለቱ ተስፋን አወሩ። እንግዲህ በስለላ ነገር ከጥንት ጀምሮ ሁለት ጥያቄ አለበት፤ አንደኛው ሰላዩ ምን አየ የሚል፥ ሁለተኛውም ያየውን በምን ልብ አወራው የሚል ነው።

ይህን ማስቀደማችን በባዕድ አገር ስለ ተጻፈ አንድ ልብ ወለድ ታሪክ ጥቂት ለመናገር ስለ ፈለግን ነው። መጽሐፉ «ክሪዬሽን ሌክ» ይባላል፤ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «የፍጥረት ሐይቅ» እንደ ማለት ነው። የጻፈችው አሜሪካዊቱ ደራሲ ሬቸል ኩሽነር ናት። በፈረንጅ አቈጣጠር በ2024 ታትሞ፥ በዚያው ዓመት ቡከር ለሚባለው የእንግሊዞች የሥነ ጽሑፍ ሽልማት እስከ መጨረሻው ከተወዳደሩት ስድስት መጻሕፍት አንዱ ሆነ፤ ሽልማቱን ግን ሌላ መጽሐፍ ወሰደ።

ምናልባት ከአንባብያን አንዱ፥ በሸዋ ሮቢት ተቀምጦ በፈረንሳይ ገጠር ስለምትዞር ሰላይ ማንበብ ምን ይረባል ይል ይሆናል። መልሳችን ይህ ነው፤ የመጽሐፉ ጠብ የውኃ ጠብ ነው። ከጣርማ በር አፋፍ የሚወርደው ዝናም ሮቢንና ጀውሃን ሞልቶ፥ ቆላውን አጠጥቶ፥ ትርፉ ወደ አዋሽ ሲሄድ የሚያይ የይፋት ሰው ይህን ጠብ በወሬ ሳይሆን በኑሮው ያውቀዋል። ሽንኩርት የተከለ ገበሬ የውኃ ተራው አንድ ሌሊት ቢያልፈው ምን እንደሚደርስበት ለእርሱ መጽሐፍ አይነግረውም።

የታሪኩ ባለቤት ሠላሳ አራት ዓመት የሆናት አሜሪካዊት ሴት ናት። ስሜ ሴዲ ስሚዝ ነው ትላለች፤ ነገር ግን ይህ ለሥራው ተብሎ የተሰፋ ስም እንጂ እናትና አባቷ ያወጡላት አይደለም፤ እውነተኛውን ስሟን መጽሐፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይነግረንም። አስቀድማ በአሜሪካ መንግሥት የምሥጢር ሥራ ተቀጥራ ሳለች፥ አንድ ወጣት ሳያስበው ወደ ወንጀል እንዲገባ ገፋፍታው ነበር፤ ነገሩ በዳኛ ፊት ሲመረመር ወደ ጥፋት የመራችው እርሷ መሆኗ ታወቀና ሥራዋን አጣች። ከዚያ ወዲህ ማንነታቸውን እንኳ ለማታውቃቸው ባለጸጎች በገንዘብ የምታድር ሰላይ ሆነች። ታሪኩ በሚፈጸምበት በ2013 የፈረንጅ ዓመት፥ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ጉየን በሚባለው አገር በአንድነት ወደሚኖሩ ሰዎች ትላካለች። መንደራቸው «ለ ሙላን» ይባላል፥ ወፍጮው ማለት ነው፤ መሪያቸውም ፓስካል ባልሚ የሚባል የፓሪስ ልጅ ነው። እነዚህ ሰዎች መንግሥት የከርሠ ምድሩን ውኃ በመኪና ስቦ፥ በታላላቅ ኩሬ አጠራቅሞ፥ ለትላልቅ እርሻ ባለቤቶች ሊሰጥ ያሰበውን አሳብ ይቃወማሉ። የሰላይቱ ተግባር በፍቅር ስም አንዱን የፊልም ሠሪ እጮኛ አድርጋ በእርሱ በኩል ወደ ማኅበሩ መግባት፥ ከገባችም በኋላ በሕግ የሚያስይዛቸውን ጥፋት ማግኘት ነው፤ ባይገኝም እንዲገኝ ማድረግ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሰው ግን የመጽሐፉ ልብ ነው። ብሩኖ ላኮምብ የሚባል ሽማግሌ፥ በወጣትነቱ በፓሪስ በ1968 ዓመፅ ከተነሡት ወገን የነበረ፥ ኋላም ሕፃን ልጁ በእርሻ መኪና አደጋ ከሞተችበት በኋላ ከሰው ርቆ በዋሻ መኖር የጀመረ ነው። ለወጣቶቹ መምህር ሆኖ በኢሜይል ደብዳቤ ይጽፍላቸዋል፤ ሰላይቱም ደብዳቤዎቹን በስውር እየከፈተች ታነባለች። ማስረጃ ፈልጋ ትከፍታለች፤ የምታገኘው ግን ስለ ጨለማ፥ ስለ ከዋክብት፥ ከእኛ በፊት ስለ ነበሩት ስለ ኔያንደርታል ሰዎች የተጻፈ ነገር ነው።

በቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን መጽሐፍ ሲያነብ ሰምና ወርቅን ሳያስብ አያልፍም። ሰም ሐሰት አይደለም። ወርቁን መልክ የሚሰጠው፥ ቦታውን የሚያበጅለት ሰሙ ነው፤ አንጥረኛው ሰሙን አቅልጦ ሲያፈስ ወርቁ በስፍራው ይገባል። ሴዲ ስሚዝ የምትባለው ሴት ግን ሁለንተናዋ ሰም ነው። የሐሰት ስም፥ የሐሰት እጮኛ፥ የሐሰት ትውልድ ስፍራ አላት፤ ይህ ሁሉ ቢቀልጥ ከሥሩ የሚፈስ ወርቅ የለም። ደራሲዋ ይህን በስሕተት ያደረገችው አይመስለንም። ወርቁን ከባለታሪኳ ነፍስ አውጥታ በሽማግሌው ደብዳቤ ውስጥ አኖረችው። ስለዚህ መጽሐፉን ውስጠ ወይራ ብንለው ያስኬዳል፤ ላይ ላዩን የምናነበው የሰላይቱን ተንኰል ሲሆን፥ ውስጥ ውስጡን የምናዳምጠው በማታምነው ቃል ቀስ በቀስ የምትያዝ ሴት ታሪክ ነው። በመጨረሻም ከሥራዋ ርቃ በእስፓኝ ባሕር ዳር ተቀምጣ ሰማዩን ስትመለከት እናገኛታለን፤ ሰማይን እንድታይ ያስተማራት ሊያስይዘው በስውር ያነበበችው ሽማግሌ ነው።

ስለ ማንነት ያለው ነገር በዚሁ ደብዳቤ ይገኛል። ብሩኖ የሰው ልጅ የተበላሸው የዛሬው ሰው ኔያንደርታልን አሸንፎ ብቻውን ከቀረ ጀምሮ ነው ብሎ ያስባል። ይህ አሳብ በእውቀት ሚዛን ሲመዘን ብዙ ጕድለት አለበት። የዘር ጥናት ሊቃውንት በ2010 የፈረንጅ ዓመት እንዳስታወቁት ከአፍሪካ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ከኔያንደርታል የወረሰው ከመቶ 1 እስከ 4 የሚሆን የዘር ቅሬታ በሰውነቱ አለው፤ እንግዲህ አሸናፊና ተሸናፊ የተባሉት ተጋብተው ወልደዋል ማለት ነው። ለእኛም ነገሩ ሩቅ አይደለም። የይፋት ወንዞች የሚገቡበት አዋሽ ቁልቍል ሲወርድ በሐዳር በኩል ያልፋል፤ በ1974 የፈረንጅ ዓመት ድንቅነሽ የተባለችው፥ ሊቃውንቱ 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሚሉት ዕድሜ ያላት አፅም የተገኘችው በዚያ ነው። በፈረንሳይ ዋሻ ጥንተ ነገሩን የሚፈልገው ሽማግሌ ጕዳይ በእኛ ቆላ ግርጌ ተኝቷል።

ከዚህ ይልቅ የሚነካው ስለ ካጎ ሰዎች የሚናገረው ነው። እነዚህ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ ለብዙ መቶ ዓመት ተንቀው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ቋንቋቸው ከጎረቤቶቻቸው ቋንቋ፥ ሃይማኖታቸውም ከጎረቤቶቻቸው ሃይማኖት አይለይም ነበር፤ ቢሆንም በቤተ ክርስቲያን በጠባብ በር ለብቻቸው እንዲገቡ፥ በልብሳቸውም ምልክት እንዲያደርጉ ይገደዱ ነበር። አናጢነት ሥራቸው ነበር፤ የሠሩትን ቤት የሚወደው ሰው እጃቸውን ይጸየፍ ነበር። ይህን ያነበበ ኢትዮጵያዊ በእኛ አገር ቀጥቃጩን፥ ሸክላ ሠሪዋን፥ ፋቂውን ቡዳ እያለ ያገለለውን ልማድ ሳያስታውስ አይቀርም። በማረሻው አርሶ፥ በምጣዱ ጋግሮ፥ ሠሪውን ከማዕድ ማራቅ የሁለቱም አገር ኀጢአት ነው። ደራሲዋ ይህን ያመጣችው የዛሬዎቹ ዓመፀኞች ራሳቸውን ከተናቁት ወገን ለመቍጠር እንዴት እንደሚወዱ ለማሳየት ነው። ተናቅሁ ማለት በተናቀው ሰው አፍ እውነት ነው፤ ከተማ ተወልዶ ባሕታዊ መስሎ ገጠር በወረደው ሰው አፍ ግን ሌላ ሰም ሊሆን ይችላል።

ወደ ፖለቲካው እንመለስ። ሰላይ ያለውን ያያል፤ ነገር ግን ጥፋትን ፈጥሮ ሌላውን በጥፋት የሚያስይዝ ሰው ሰላይ ሳይሆን ፈታኝ ነው። የዚህ ዓይነት ሥራ በልብ ወለድ ብቻ የሚገኝ እንዳይመስለን። እንግሊዛዊው ፖሊስ ማርክ ኬኔዲ ማርክ ስቶን በሚል የሐሰት ስም ከ2003 እስከ 2010 የፈረንጅ ዓመት ስለ አየርና ስለ ምድር በሚቈረቈሩ ሰዎች መካከል ኖረ፤ ከብዙ አገር ማኅበር ገባ፥ ሴቶችንም በፍቅር ስም አታለለ። ነገሩ ሲገለጥ በ2011 በስድስት ሰዎች ላይ የተከፈተው ክስ ፈረሰ፤ ከተታለሉት ሴቶች የአንዲቱ ሰብአዊ መብት መጣሱን የእንግሊዝ ልዩ ፍርድ ቤት በ2021 ወሰነ። ሕግ ያውቃቸዋል የሚባሉ ሰዎች ሕግን ለማስከበር ሲሉ እንዲህ ካደረጉ፥ በገንዘብ ብቻ የምታድረው ሴዲ ምን እንደምታደርግ መገመት አያስቸግርም። የውኃው ጠብም እንዲሁ እውነተኛ ነው፤ በመጋቢት 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ሴንት ሶሊን በሚባል የፈረንሳይ መንደር እንዲህ ያለ ኩሬ መቈፈሩን ለመቃወም ብዙ ሺህ ሰው ወጥቶ ከጸጥታ ኀይል ጋር ተጋጭቶ ብዙ ሰው ቈስሏል።

እኛም በአገራችን ቋንቋ የዚህ ዓይነት መጽሐፍ የለንም ለማለት አንችልም። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦሮማይ» ፖለቲካን፥ ፍቅርንና ስለላን በአንድ ገመድ የፈተለ ነው። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም አዲስ አበባ ላይ እጮኛውን ትቶ ከቀይ ኮከብ ዘመቻ ጋር ወደ አስመራ ይሄዳል፤ በዚያም የመንግሥት ጸጥታ ሠራተኛና የሻዕቢያ የውስጥ ሰው በአንድ ቡና ቤት ተቀምጠው በሚተያዩባት ከተማ ፊያሜታ ጊላይን ይወዳል። ደራሲው ራሱ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበረና ያየውን ጻፈ። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፥ እርሱም ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። በ2025 የፈረንጅ ዓመት መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ተተርጕሞ ለዓለም ወጥቷል።

ሁለቱን መጻሕፍት አጠገብ ለአጠገብ ስናደርጋቸው ልዩነታቸው ይታያል። የኩሽነር ሰላይ ምንም አትከፍልም፤ ያታለለችውን ትታ፥ ደመወዟን ይዛ ትሄዳለች። የበዓሉ ሰዎች ግን የሚወዱት ሰው፥ የሚያፍሩበት ሥራ፥ የሚሞቱበት ቦታ አላቸው፤ ከእነርሱም ይልቅ ደራሲው ስለ ቃሉ ዋጋ ከፍሏል። በዚህ በኩል ሚዛኑ ወደ «ኦሮማይ» ያጋድላል። በሌላ በኩል ግን «ኦሮማይ» የሚያሳየን ምድር ይልቁን የጦር ሜዳ ነው፤ ተራራው ይያዛል ወይም ይለቀቃል እንጂ በላዩ ምን እንደሚበቅል፥ ከሥሩ ምን ውኃ እንደሚፈልቅ የሚጠይቅ የለም። ሙሴ ሰላዮቹን ስለ ዛፍ የጠየቃቸው ጥያቄ በእኛ የስለላ ልብ ወለድ ገና መልስ አላገኘም። ኩሽነር ጥያቄውን አንሥታለች፤ ይህም ምስጋና ይገባዋል።

መልሱን ግን አሟልታ ሰጥታለች አንልም። መጽሐፉ ሦስት ጕድለት አለበት። ፊተኛው፥ ውኃው የሚወሰድበት የአገሩ ተወላጅ ገበሬ ብዙ ጊዜ ከሩቅ የሚታይ መሆኑ ነው፤ ስለ እርሱ ብዙ ይባላል፥ እርሱ ግን ጥቂት ይናገራል። ሁለተኛው፥ ሰላይቱ በሁሉ ላይ ስለምትሣለቅ አንባቢው ፌዝን ጥበብ አድርጎ ይወስድ ዘንድ ይፈተናል። እርግጥ ነው፥ ወንዶቹ ስለ ዓለም ነጻነት ሲከራከሩ ሴቶቹ ወጥ ቤትና ልጅ ጥበቃ ላይ መቅረታቸውን ማሳየቷ ተግሣጹ የሚገባቸውን ያገኘ ነው፤ ነገር ግን ማላገጥ የሚችል ሁሉ አስተዋይ አይደለም። ሦስተኛው፥ ወጣቶቹ ስለ ውኃው የተናገሩት እውነት ይሁን ሐሰት መጽሐፉ በግልጥ አይፈርድም። ጥያቄውን በሰላይቱ ቀልድ ሸፍኖ ያልፈዋል፤ ቀልዱ ሲያልቅ ግን ውኃው እንደ ተወሰደ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር በይፋት ቀላል አይደለም። በዚህ ቆላ አማራው፥ አርጎባው፥ ኦሮሞውና አፋሩ ከአንድ አፋፍ በሚወርድ ውኃ ይኖራሉ። ደጋው ላይ ዛፍ ሲመነጠር ጎርፉ የማንን ቋንቋ ተናጋሪ ማሳ እንደሚጠርግ አይመርጥም። ከአባቶች በወረድነው ሥርዓት የውኃ አባት ተመርጦ ተራውን ያካፍላል፤ የሥልጣኑም መሠረት ጠመንጃ ሳይሆን መታመን ነው። ይህ መታመን ከጠፋ ቦዩ በሲሚንቶ ቢሠራም ውኃው በሰላም አይደርስም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፥ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፥ ከቤትና ከሰብል ሌላ የጠፋው ይህ መታመን ነው። ሰው በአነጋገሩና በአለባበሱ ሲጠረጠር፥ ጎረቤት ለጎረቤቱ ጆሮ ጠቢ ሲመስለው፥ ሴዲ ስሚዝ ሳትላክ መጥታለች ማለት ነው።

በስሙ ሌላ፥ በሥራው ሌላ የሆነ ነገር በሰው ብቻ አይገኝም። ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾኻም ዛፍ በረሃውን ያለመልማል፥ ጥላ ይሆናል ተብሎ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት በአዋሽ ሸለቆ ተተክሎ ነበር፤ ዛሬ የአፋርን የግጦሽ መሬት ወርሶ ከብቱን አሳድዷል። እንግዲህ አረንጓዴ የሆነ ሁሉ ልማት አይደለም፤ ስለ ምድር እቈረቈራለሁ የሚልም ሁሉ ለምድር የቆመ አይደለም። ሊመዘን ይገባዋል። ሚዛኑ ግን በስውር አይደለም። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር የገበሬው ዘር ለባለጸጋ ኩባንያ ርስት እንዳይሆን ሲከራከሩ፥ በካርታኼና ፕሮቶኮል ድርድር የአፍሪካን ወገን ወክለው ሲቆሙ፥ ክርክራቸው በአደባባይ፥ ስማቸውም የራሳቸው ነበር። በ2000 የፈረንጅ ዓመት ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ያገኙት፥ በ2015 ዓ.ም. ሲያርፉም የተመሰገኑት በዚህ ነው። የኩሽነር መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ሰው አያውቀውም፤ በገጾቹ ላይ ያለው ወይ አታላይ፥ ወይ ተታላይ፥ ወይም ከሰው ሸሽቶ ዋሻ የገባ ነው።

እንግዲህ ፍርዳችንን ባጭሩ እንስጥ። «ክሪዬሽን ሌክ» የተማረ ሰው ሊያነበው የሚገባ መጽሐፍ ነው። ቋንቋው የነጠረ፥ የብሩኖ ደብዳቤዎች ያሉበት ክፍል እስከ ሁለት ጊዜ ሊነበብ የሚገባው ነው። የሰላይቱ ፌዝ በሚበዛበት ግን አንባቢው ቆም ብሎ፥ ይህች ሴት ያየችው ልክ ነውን፥ ያወራችበትስ ልብ ምን ዓይነት ነው ብሎ ይጠይቅ። ከካህናትም ሆነ ከከተማው ሰው ብዕር ያለው ወገናችን ደግሞ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። የውኃ አባቱን፥ የመስኖውን ተራ፥ በገበያ ቀን የሚነዛውን የሐሰት ወሬ፥ በወሬውም ምክንያት የሚቋረጠውን ቦይ አንድ አድርጎ የሚጽፍ ደራሲ ከይፋት ቢነሣ፥ በዓሉ ያልጠየቀውን ኩሽነርም ያልመለሰችውን ይጽፍ ነበር። የሚጽፈውም ሰው ገበሬውን ከሩቅ አይቶ እንዳያልፈው፤ ከማሳው ዳር ተቀምጦ፥ ውኃው በሌሊት ሲለቀቅ አብሮ ነቅቶ፥ ቃሉን ከራሱ ከገበሬው ይስማ እንላለን።